ጅቡ ሲጠሩት ይመጣል

ሐረር ውስጥ ሲጠሩት የሚመጣው ጅብ ነው። አመሻሽ ላይ ከጁገል ግንብ ውጪ አብላዩ ስሙን ሲጠራው ከጨለማው ብቅ ብሎ ሥጋውን ከእንጨት ጫፍ ይነጥቃል። በምርጫ ሰሞን ውሃም እንዲሁ በስሙ ይጠራል፤ ያውም በሞንታርቦ። የጅቡን ያህል ጨዋነት ግን አላሳየም።

ለነገሩ የሐረር መራጭ ከመከራው ግማሹን በሕግ ተገላግሏል። የአገሪቱን ፕሬዝዳንት የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መሆኑን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 ደንግጓል። ሳህለወርቅ ዘውዴ በጥቅምት 2011፣ ታዬ አጽቀ ሥላሴ በመስከረም 2017 ሲመረጡ ፈረስ መጋላ ላይ ቆሞ በቧንቧ የማለ አልነበረም። ሕግ አውጪው ሩኅሩኅ ነው።

የምክር ቤት ዕጩው ግን አይቀርም። አብዛኛው አገር ሰኔ 14 ቀን 2013 ድምፁን ሰጥቶ ሲገላገል የሐረር ቀጠሮ ወደ መስከረም 20 ቀን 2014 ተሻገረ። የሦስት ወር ምራቂ ተስፋ፣ ያለ ክፍያ!

ስሙን ከስፌት መኪናዎች ጫጫታ ባገኘው መኪና ግርግር ጎዳና፣ ልብስ ሰፊው የዕጩውን ንግግር የሚሰማው እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሳ ነው። ቀና የሚለው «ውሃ» ሲባል ብቻ ነው። ተናጋሪው «በቅርቡ» ሲል ደግሞ ከወንበሩ ሥር ያለችውን ቢጫ ጄሪካን በተረከዙ መታ ያደርጋል። ባዶ ጄሪካን ከሰው በላይ ያጨበጭባል።

ጆሮው የሠለጠነው በከንቱ አይደለም። ከተማዋን ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ ከድሬዳዋ በኩል ከተቆፈሩ ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ በፓምፕ እየተገፋ ዳገቱን ይወጣል። ንግግር ፓምፕ አይሻ፣ መብራት አይሻ፤ ከመድረኩ እስከ መራጩ ጆሮ ያለ ቆጣሪ ይፈስሳል። ሐይቁ ራሱ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንደገና ውሃ ይዟል፤ የሞላው ግን ምርጫ ጠብቆ ሳይሆን ክረምት ጠብቆ ነው።

ንግግሩ ሲያበቃ ካናቴራ ይታደላል። አንዷ ወጣት የደረሳትን፣ ጉልበቷን ያለፈውን፣ እንዲያሳጥርላት ይዛ ትመጣለች።

«ንግግሩስ እንዴት ነበር አባ?»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ያወርዳል። «ያው ይኼንኑ ይመስላል ልጄ፤ ሳይለኩን ነው የሰፉት» ይላትና መቀሱን ይፈልጋል።