ታማኝ ደጋፊን ደጅ የማስጠናት ጥበብ

ለአዲሱ የቲኬት ክፍል ኃላፊ፤ እንኳን ለዚህ ሹመት አበቃዎ። የተረከቡት ወንበር በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ካሉት ወንበሮች ሁሉ ክፉኛ የሚረገመው ነው። አሠልጣኙ የሚሰደበው ክለቡ ሲሸነፍ ነው። እርስዎ ግን ክለቡ ሲያሸንፍ የባሰ ይሰደባሉ፤ ያሸነፈን ክለብ ሊከተል የሚፈልገው ብዙ ነውና።

ሥራዎ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ክለብዎ ከሜዳው ውጭ ሲጫወት ባለሜዳው የሚሰጥዎትን ጥቂት ቲኬት ለአሥር ሺዎች ማከፋፈል ነው። የሊጉ ደንብ ለእንግዳ ደጋፊ 3,000 ቲኬት ወይም የስታዲየሙን አንድ አሥረኛ፣ ከሁለቱ ያነሰውን፣ እንዲሰጥ ያዛል። ኦልድ ትራፎርድ ከ74,000 በላይ ሰው ይይዛል፤ ለእንግዳ የሚደርሰው ግን ያው 3,000 ነው። በርንማውዝ ሲሄዱ ደግሞ ስታዲየሙ በጠቅላላው ከ11,000 ብዙም ስለማያልፍ አንድ ሺህ ከምናምን ቲኬት ብቻ ይደርስዎታል። በቴሌቪዥን ከጥግ ተጨናንቆ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሲዘምር የምናየው ሕዝብ ይኸው ነው። ዋጋውም እ.ኤ.አ. ከ2016–17 የውድድር ዘመን ወዲህ ከ30 ፓውንድ እንዳያልፍ ተወስኗል። ደጋፊዎቹ «ሃያ ይበቃል» ብለው ለዓመታት ሲዘምቱ ቆይተው በሠላሳ ተስማምተዋል። ዋጋው ጣሪያ ከተበጀለት ገበያው አይዳኝልዎትም፤ ማን ይሂድ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚፈርዱት እርስዎ ነዎት። እንግዲህ በማዳላት እንዳይታሙ፣ ግን በደንብ አድርገው እንዲያዳሉ፣ የሚከተለውን ይስሙኝ።

ከሁሉ በፊት ቲኬቱን አምና ለሄደ ይስጡ። ማንም አይቃወምዎትም። በዝናብና በብርድ ክለቡን የተከተለ ሰው ቢቀድም ምን ክፋት አለው? ምንም። ክፋቱ የሚመጣው ቀስ ብሎ ነው። በአንድ የውድድር ዘመን ከሜዳ ውጭ የሚደረጉት የሊግ ጨዋታዎች 19 ናቸው። «ከእነዚህ 17ቱን ያየ ይቅደም» ብለው ደንብ ያውጡ። አምና የቀደመው ሰው ዘንድሮም 17 ጨዋታ ያያል፤ ስለዚህ ለከርሞም ይቀድማል። ያልቀደመው አንድም አያይም፤ ስለዚህ ለከርሞም አይቀድምም። ሊቨርፑልን የመሳሰሉ ታላላቅ ክለቦች ቅድሚያ የሚሰጡት ደጋፊው ባለፈው ጊዜ ስንት ጨዋታ እንደሄደ ቆጥረው ነው፤ ስለዚህ ቢወቀሱ ጥሩ አብነት አለኝ ማለት ይችላሉ።

የእኛ አገር ሰው ይህን ሥርዓት ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ርስት ነው። አያት ያቀናውን ልጅ ይይዘዋል፣ ልጅ የያዘውን የልጅ ልጅ ይወርሰዋል፤ ዘግይቶ የመጣው ጭሰኛ ሆኖ ይኖራል። ልዩነቱ፣ በለንደንም ሆነ በሊቨርፑል አደባባይ «ቲኬት ለተጓዡ!» እያለ ሰልፍ የወጣ ተማሪ እስካሁን አልሰማሁም። አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶት የክለቡን የአባልነት ካርድ ዛሬ ያወጣ ልጅ ጥፋቱ ምን እንደሆነ ቢጠይቅዎት መልሱ አጭር ነው፦ ዘግይተህ ተወልደሃል።

ሁለተኛው ምክሬ ከሁሉም የሚጣፍጠው ነውና ትንሽ ልቆይበት። ለየጨዋታው የሚመዘገበውን የታማኝነት ነጥብ ለሄደ ሳይሆን ለገዛ ይስጡ። ሂሳቡን ይመልከቱት፦ 19 ጨዋታ በ30 ፓውንድ ሲባዛ 570 ፓውንድ ነው። አንድ ሰው በዚህ ገንዘብ ከሶፋው ሳይነሳ ዓመቱን ሙሉ ታማኝ ሆኖ ይከርማል። እንዲያውም 570ውም አይወጣበትም። ቲኬቱን ለጎረቤቱ በገዛበት ዋጋ ይሰጠዋል፤ ጎረቤቱ ከሌሊቱ ተነስቶ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ ይዘምራል፣ ጉሮሮው ተዘግቶ ይመለሳል። ነጥቡ የሚመዘገበው ግን በባለ ሶፋው ስም ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ክለቡ ለዋንጫ ሲደርስ በእርስዎ መዝገብ አንደኛው ታማኝ ያ ሶፋ ላይ የተቀመጠው ነው። ጎረቤትየው የትም ሄዶ አያውቅም። አምስት ዓመት ሙሉ ሲጮህ ያየው ሕዝብ ቢመሰክርለት ዋጋ የለውም፤ መዝገብ መዝገብ ነው።

በእንዲህ ያለ መዝገብ አያት ቢያርፉ እንኳ ካርዳቸው መጓዙን አያቆምም። ልጆቹ የአያትን ስም የሚሰርዙት ሞኝ ቢሆኑ ነው። የመቃብር ድንጋዩ አንድ ዓመት ይናገራል፣ የእርስዎ ኮምፒውተር ሌላ።

ሰው ማጉረምረም ሲጀምር ቁጥጥር ያብዙ፤ ግን ከቀላሉ ወገን ይጀምሩ። በእንግሊዝና በዌልስ ያለ ፈቃድ የእግር ኳስ ቲኬት መሸጥ እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ ሕግ ወዲህ ወንጀል ነው። በየዘመዱና በየወዳጁ ስም አርባ ካርድ ሰብስቦ አየር በአየር የሚነግደውን ለመያዝ ግን ፖሊስ፣ ማስረጃና ፍርድ ቤት ያስፈልጋል፤ አድካሚ ነው። ይልቅ የሌሊት ፈረቃ ደርሶበት ቲኬቱን ለሴት ልጁ የሰጠውን አባት ይያዙት። ልጅቷን በበሩ ላይ መታወቂያ ይጠይቋት፤ ስሙ አይገጥምም። አባትየውን ከነነጥቡ ለማገድ አንድ ኢሜይል ይበቃል። በዓመቱ መጨረሻ «ይህን ያህል ካርድ አግደናል» ብለው ሪፖርት ያቅርቡ፤ ከታገዱት ውስጥ ነጋዴ ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ የቦርድ አባል አይኖርም።

አሁን ስለ ነጥቡ ክብደት። ከኒውካስል በርንማውዝ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጨዋታው ቅዳሜ ከሰዓት ተብሎ ወጥቶ ሳለ ቴሌቪዥን ይመርጠውና ወደ ሰኞ ማታ ይዛወራል። ደጋፊው ከሥራ ፈቃድ ይወስዳል፣ አስቀድሞ የቆረጠው የባቡር ቲኬት ከንቱ ይቀራል፣ ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ሰሜን የሚመልሰው ባቡር የለም፤ ማክሰኞን የሚያነጋው መንገድ ላይ ነው። የፉልሃም ደጋፊ ደግሞ ቼልሲ ሜዳ የሚደርሰው በእግሩ ነው። ለሁለቱም ጉዞ አንድ አንድ ነጥብ ይስጡ። እኩልነት ይበሉት።

(በዚህ ጉዳይ እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ሰኞ ማታ የሚደረገው ጨዋታ የሚሸጠው ለእኛም ጭምር ነው፤ ከምሽቱ አራትና አምስት ሰዓት ላይ ዲኤስቲቪ ቤት ተኮልኩለን «እነዚህ ሰዎች ነገ ሥራ የላቸውም እንዴ?» ብለን የምንስቀው በዚያ መከረኛ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በተለመደው ሰዓት የሚደረገውን ጨዋታ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ በቀጥታ በቴሌቪዥን ማሳየት ክልክል ነው። ቲኬት አጥቶ እዚያው ከተማው የቀረው ሰው የማያየውን ጨዋታ እኛ መርካቶ ሆነን እናየዋለን።)

የአውሮፓ ጉዞ ላይ ግን እኩልነቱን ይተዉት፤ ነጥቡን ከፍ ያድርጉ። ርቆ የሄደ ይበልጥ ይወዳል ብለው ይከራከሩ። በእርግጥ ርቆ የሚሄደው ገንዘብና የዓመት ፈቃድ ያለው ነው። በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. አርሰናልና ቼልሲ፣ ሁለቱም የለንደን ክለቦች፣ ለዩሮፓ ሊግ ዋንጫ የተገናኙት ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ርቀው ባኩ ላይ ነው። ከ60,000 በላይ ሰው በሚይዘው ስታዲየም ለየክለቡ የተሰጠው 6,000 ያህል ቲኬት ነበር፤ በዚያ ላይ ቀጥታ በረራው ጥቂት፣ ዋጋው ሰማይ በመሆኑ ሁለቱም የደረሳቸውን ሸጠው መጨረስ አልቻሉም። ሐሳቡን ልብ ይበሉ፤ የቲኬት እጥረት ለመፍታት ሌላ ብልሃት ቢጠፋ ጨዋታውን ካስፒያን ባሕር ዳር ማድረግ ይቻላል።

ሌላውን በችኮላ ልለፈው፤ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። ለተጫዋች ቤተሰብ፣ ለስፖንሰርና ለባለሥልጣን የሚነሳው ድርሻ ስንት እንደሆነ አይንገሩ። ደንቡን በዓመቱ አጋማሽ ይለውጡ፤ ሰው ቢጠይቅ «ከደጋፊዎች ጋር መክረናል» ይበሉ፤ ከማን ጋር ብሎ የሚጠይቅ ካለ ስብሰባው አልቋል። የወለደች፣ የታመመ፣ ቅዳሜና እሁድ ተረኛ የሆነች ነርስ ነጥባቸው ሳይነካ የሚቆይበት ፎርም አይኑርዎት። ፍቅር ፈረቃ አያውቅም ይበሏት።

ይህን ሁሉ ፈጽመው ጩኸቱ ጣሪያ ሲነካ አንድ ቀን በድንገት ተገልብጠው ሁሉንም በዕጣ ያድርጉት። ዕጣ አያዳላም፤ ማንንም አያውቅማ! ክለቡ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን በወረደበት ዓመት፣ ሁለት መቶ ሰው ብቻ ሲከተለው፣ ከሁለት መቶዎቹ አንዱ የነበረውን ሽማግሌ ትናንት ካርድ ካወጣው ቱሪስት ጋር በአንድ ኮሮጆ ያስገቡት። ባልና ሚስትን ለየብቻ ያስመዝግቡ፤ እሷ ይውጣላት፣ እሱ ይቅር። አባት ይድረሰው፣ የአሥር ዓመት ልጁ አይድረሰው። ዕጣውን በርስት የተማረሩት ሲደግፉት፣ ባለርስቶቹ ሲቃወሙት እርስዎ በመሃል በሰላም ይኖራሉ። ማንቸስተር ዩናይትድ ዕጣን ከታማኝነት መዝገብ ጋር አጣምሮ ሲሠራበት ቆይቷል፤ እርስዎ ግን ማጣመሩን ይተዉት፣ ያበላሽብዎታል።

ሌላም የሚያበላሹ ነገሮች አሉና ይጠንቀቁ። ከቲኬቱ አብዛኛውን ለነባር ተጓዥ ሰጥተው ከአምስት አንዱን እንኳ ዝቅተኛ ነጥብ ላላቸው ወይም ለወጣቶች በዕጣ ካስቀመጡ አዲስ ሰው በሩን አልፎ ይገባል፤ ሽማግሌውም አይከፋም፤ ያኔ የሚያማዎት ይጠፋል። ነጥቡን ከተጀመረበት ዘመን ሳይሆን የመጨረሻዎቹን ሦስትና አራት ዓመታት ብቻ ከቆጠሩ ርስቱ ይፈርሳል። ነጥቡ የሚያዘው በሩ ላይ ካርዱ ሲነበብ ከሆነ ባለ ሶፋው ከሶፋው ይነሳል ወይም ቦታውን ይለቃል። መሄድ ያልቻለ ሰው ቲኬቱን በገዛበት ዋጋ ለክለቡ መልሶ ነጥቡ ሳይነካ የሚቆይበት መንገድ ከከፈቱ አባትየው ልጁን በሰው ስም አይልክም፤ ለአየር በአየሩ ነጋዴም የሚሸጥለት ይቀንሳል። ከየጨዋታው በኋላ ስንቱ ቲኬት ለማን እንደሄደ በአንድ ገጽ ማውጣት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሰው ቆጥሮ ይደርስብዎታል።

አንባቢ ሆይ፣ ለንደን ወይም ማንቸስተር ኖረው የክለብ ካርድ ያላቸው ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁና አንድ ቃል ለእነርሱ። ፕሪሚየር ሊጉ የወሰነው የቲኬቱን ብዛትና የዋጋውን ጣሪያ ነው። ለማን እንደሚሸጥ የሚወስነው እያንዳንዱ ክለብ ራሱ ነው። ስለዚህ «ሊጉ ነው ያዘዘን» ቢሏችሁ አትመኑ፤ ያለፈው ጨዋታ ቲኬት ለማን ለማን እንደተሸጠ በጽሑፍ ጠይቁ።