ለጎርፍ ጥናት ወደ ሊዶ

በራያ ቆላ የዋጃ ገበሬ ጎርፍን የሚያውቀው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ነው። እንዲህ ያለ ዕውቀት ሪፖርት ላይ ሲሰፍር ወረቀት ያቆሽሻል። ጎርፍን በንጽሕና ሊያጠና የሚሻ ሰው ነጭ ሱሪ ለብሶ፣ ጥቁር መነጽር ሰክቶ፣ አበሉን በዩሮ ተቀብሎ ቬኒስ መውረድ አለበት። እዚያም ከቅዱስ ማርቆስ አደባባይ አጠገብ ጀልባ ተሳፍሮ ሩብ ሰዓት ያህል ቢታገሥ ሊዶ ከምትባለው ደሴት ይደርሳል። የራያ ቆላ የጎርፍ መፍትሔ አሸዋው ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ይጠብቀዋል።

የልምድ ልውውጥን የሚያሙ ምቀኞች ስለበዙ ዛሬ ጥብቅና ልቆምለት ተነሥቻለሁ። «ስለ ድርቅ የሚመክር አውደ ጥናት ለምን ሐይቅ ዳር ይካሄዳል?» ይላሉ። አለማወቅ ነው። ስለ ውሃ እጥረት የሚያስብ ጭንቅላት አስቀድሞ ራሱ መርጠብ አለበት። ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር የተፈጠሩት ለዚህ ነው። ተሳታፊው ጠዋት አቴንዳንስ ይፈርማል፤ ለሻይ ቡና ይወጣል፤ በቡድን ተከፍሎ ፍሊፕ ቻርት ላይ «የግንዛቤ እጥረት» ብሎ ይጽፋል፤ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ እንዳይጥለው አንቂ ጨዋታ ይጫወታል፤ ማታ አበሉን ፈርሞ ይቀበላል። በመጨረሻው ቀን «ምርጥ ተሞክሮው ተቀምሮ ይስፋ» የሚል የጋራ አቋም ይያዛል። ተሞክሮ ደግሞ እየሰፋ ሲሄድ አገር ይጠበዋል። ቢሾፍቱን የጨረሰ ላንጋኖ ይገባል፤ ላንጋኖን የጨረሰ «ውሃው ቡናማ ነው» ብሎ ባሕር ይሻገራል።

ለልምድ ልውውጥ ሊዶን የመረጠ ሰው ዓይን አለው። ደሴቲቱ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ወገቧ ግን ቀጭን ነው። በአንድ ጎኗ ቬኒስን የከበበው የተረጋጋ ውሃ፣ በሌላው ጎኗ የአድሪያቲክ ባሕር ይገኛል። ቬኒስ ከተማ ውስጥ መኪና ስለማይገባ ኃላፊ የሆነ ሰው በእግሩ መሄድ ግድ ይሆንበታል፤ ሊዶ ላይ ግን መኪናም አውቶቡስም አለ። ከ1908 (ዓ.ም. ያልተባለለት ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ጀምሮ እንግዳ የሚቀበለው ኤክሴልሲየር ሆቴልም እዚያው ባሕሩ ዳር ቆሟል። አሸዋው ላይ የተደረደሩ፣ ለወቅቱ የሚከራዩ ትንንሽ ጎጆዎች አሉ። ጥላቸው ውስጥ ገብቶ ስለ አርሶ አደሩ ኑሮ ማሰብ ይቻላል፤ ጎጆ ከጎጆ ጋር መቼም ይግባባል። በደሴቲቱ ሁለት ጫፎች፣ በሳን ኒኮሎና በአልቤሮኒ በኩል፣ ያለክፍያ የሚዋኙበት ዳርቻም አለ፤ ግን ደረሰኝ ስለማይሰጥ ለሒሳብ ማወራረድ አይመችም።

ስለ ቁጠባም ይነሣ። ቬኒስ በ2024 በተመረጡ ቀናት ለውሎ ብቻ ከሚመጣ ጎብኚ 5 ዩሮ መግቢያ ማስከፈል ጀምራለች። ክፍያው ሊዶን አይመለከታትም። ስለዚህ ታሪካዊቷን ከተማ ሳያይ ባሕሩ ዳር ተጋድሞ የዋለ ልዑክ የሕዝብ ገንዘብ አዳነ እንጂ አባከነ አይባልም። ኦዲተር ይህን በበጎ ተግባር መመዝገብ አለበት።

«ጎርፉስ የት አለ?» የሚል ይኖራል። አለ እንጂ! ባሕሩ በሊዶ በኩል ወደ ቬኒስ በሚገባበት አፍ ላይ ሞዜ የሚሉት የጎርፍ መከላከያ አለ። በሦስት የባሕር በሮች ላይ የተዘረጉ 78 ግዙፍ የብረት መዝጊያዎች ናቸው። አዘቦቱን ውሃ ሞልቷቸው ከባሕሩ ወለል ላይ ይተኛሉ፤ ማዕበሉ እንደሚነሣ ሲታወቅ አየር ይነፋባቸውና ሽቅብ ቆመው ባሕሩን ያግዱታል። ኅዳር 2019 ባሕሩ 187 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከተማዋን አጥለቅልቋት ነበር። መዝጊያዎቹ ማዕበል ለመመለስ መጀመሪያ የተነሡት ጥቅምት 3 ቀን 2020 ነው። ግንባታው የተጀመረው በ2003 ሲሆን ከ5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ በልቷል። በ2014 ደግሞ ከዚሁ ሥራ ጋር በተያያዘ የሙስና ምርመራ የከተማዋን ከንቲባ ጨምሮ ብዙ ሰዎች ታስረው ነበር። መቼም የልምድ ልውውጡ እውነተኛ መግባባት ላይ የሚደርሰው እዚህ ምዕራፍ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ዋጃ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። በክረምት ከምዕራብ ተራሮች ደራሽ ሲወርድ የኛ ገበሬ በር አይዘጋበትም፤ ይቀበለዋል። ድንጋይ፣ አፈርና ቅርንጫፍ ከምሮ ከወንዙ ይጠልፈዋል፤ በቦይ መርቶ ማሽላው ላይ ያሳድረዋል። ቆላው ዝናብ ሲነፍገው የሚያኖረው ይህ ከደጋ የሚወርድ ውሃና ይዞት የሚመጣው ለም አፈር ነው። ተረኛው ማን እንደሆነ፣ የላይኛው ለታችኛው መቼ እንደሚለቅ፣ ቦይ ጠረጋ የቀረ ምን እንደሚቀጣ መንደሩ ራሱ ይወስናል። ደራሹም የሥራ ሰዓት አያውቅም፤ እኩለ ሌሊት ከመጣ በእኩለ ሌሊት አካፋ ይዞ መውጣት ነው። ቬኒስ ውሃ እንዳይገባባት ትለፋለች፤ ዋጃ ውሃ እንዳያልፋት ትለፋለች። ልዑካኑ ይህን ልዩነት ለምን አላስተዋሉም ብሎ መውቀስ ግን ግፍ ነው፤ መዝጊያዎቹ ባሕር ሥር ተኝተው ስለሚውሉ ከፀሐይ መሞቂያው ወንበር ላይ አይታዩም።

ባህላዊ ትምህርትም አልቀረም። በድሮው ዘመን የቬኒስ መስፍን በየዓመቱ የዕርገት ዕለት በሊዶ በኩል ወደ ባሕሩ ወጥቶ ቀለበት እየጣለ ባሕርን «ያገባ» ነበር። የእኛ ልዑካን በ1985 ዓ.ም. ከባሕር ጋር የተፋታ አገር ልጆች ናቸውና ይህን ሲሰሙ ሆዳቸው ይባባል። የዋና ልብስ ለብሰው የተነሡት ፎቶ የመዝናናት ሳይሆን የቁጭት መግለጫ ተደርጎ ይያዝላቸው።

ሌላውን ፎቶ የሚነሡት እዚያው ሊዶ ላይ የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ከሚካሄድበት ሕንፃ ፊት ነው። ሁለት ጣት ይወጣል፤ ጥርስ ይገለጣል። በ1938 በዚሁ ፌስቲቫል «የሙሶሊኒ ዋንጫ» የተባለውን ትልቁን ሽልማት ከወሰዱት ፊልሞች አንዱ «ሉቻኖ ሴራ ፓይለት» ነበር። ኢትዮጵያን ሊወር የመጣ አብራሪ በጀግንነት ሲሞት ያሳያል። ሥራውን በበላይነት የተቆጣጠረው የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነው፤ እሱም ራሱ አገራችን ላይ ቦምብ የጣለ አብራሪ። ከዋጃ ሽቅብ፣ ከኮረም ወዲያ፣ አሸንጌ ሐይቅ አለ። ከመጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ውጊያ በኋላ ያፈገፍግ የነበረውን ሠራዊት የጣሊያን አውሮፕላኖች በቦምብና በመርዝ ጋዝ የፈጁት እዚያ ነው። አሸንጌም ውሃ ዳር ነው፤ ግን አበሉ በብር ስለሆነ ለልምድ ልውውጥ አይመረጥም።

ከ70 ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ እዚያው ደሴት ላይ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት አገኘ። ፊልሙ ውጭ አገር ተምሮ ሲመለስ ዕውቀቱን የሚያኖርበት ስላጣ ሰው ነው። ልዑካኖቻችን እንዲህ ያለ ጣጣ የለባቸውም፤ ይዘውት የሚመለሱት ስለሌለ ማኖሪያ አይቸግራቸውም።

ከዚሁ ከቆላው ወደ ባሕር ዳርቻ የሚጓዙ ሌሎችም አሉ። የራያ ቆቦ ወጣቶች የአፋርን በረሃ አቋርጠው ጅቡቲ፣ ኦቦክ ዳርቻ ይደርሳሉ፤ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን ተሻግረው ሳዑዲ ለመግባት ይጥራሉ። እነሱም አሸዋ ላይ ይተኛሉ፤ ጃንጥላ የሚዘረጋላቸው ግን የለም። አበል አይቀበሉም፤ ይልቁንም ደላላውን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ያልቀናው ሬሳው እንኳ ለወላጁ አይመጣም። ልጁን ያስነሣው ማሳው አልበቃው ማለቱ ነው፤ ልዑኩን ያስነሣው የዚያኑ ማሳ ውሃ እንዲያጠና የተመደበ በጀት ነው። ልዩነቱ አንደኛው የመመለሻ ትኬት መያዙ ነው።

ልዑኩ ሲመለስ ሪፖርት ይጻፋል። መግቢያው «የዓለም ሙቀት መጨመር» ይላል፤ ወገቡ ላይ ስድስት ፎቶ ይገባል፤ ግኝቱ «ከቬኒስ ብዙ የምንማረው እንዳለ ተገንዝበናል» ይሆናል፤ ተግዳሮቱ «የጊዜ ማጠር» ነው። ምክረ ሐሳቡ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ሰፋ ያለ ልዑክ ለረዘመ ጊዜ ይላክ። ሪፖርቱ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ ከባለፈው ዓመቱ ጎን ይቀመጣል። በዚያው ሰሞን ጎርፍ የበላውን ጠለፋ ለመጠገን ገበሬው ለጠየቀው ጥቂት ሽቦና ሲሚንቶ «በጀት አልተያዘለትም» የሚል ደብዳቤ ይመጣለታል።

ይከልከሉ አልልም፤ ይሂዱ። አንድ ደንብ ብቻ ይውጣ። የልምድ ልውውጥ ሪፖርት ሁሉ ተጓዡ ራሱ ቆሞ፣ በሕዝብ ፊት፣ ዋጃ ላይ በገበያ ቀን ያንብበው። የጉዞው ወጪም ከፎቶው ጋር በትልቁ ተጽፎ ይሰቀል። ከዚያ ጥያቄና መልስ ይከፈት። ማሽላ ሊሸጡ የወጡ አንድ አባት ተነሥተው የሚጠይቁትን ከወዲሁ አውቀዋለሁ፤ «የኔ ልጅ፣ እሰይ፣ እንኳን በደኅና ገባህ። በዚህ ሐምሌ ሌሊት ደራሹ ሲመጣ ጠለፋው ላይ ከኛ ጋር ታድራለህ ወይስ ያን ጊዜም ሥልጠና አለህ?»