ወፏም የጣሊያን ናት

አሮጌ ብስክሌት ፍለጋ የሚዞር ሰው በየሄደበት የሚሰማት አንዲት ቃል አለች፤ «የጣሊያን ነው» የምትል። ቸርኬው የጣሊያን ነው። ደወሉ የጣሊያን ነው። ዝገቱ ሳይቀር የጣሊያን ነው፤ «የጣሊያን ብረት ላይ ላዩን እንጂ ወደ ውስጥ አይዝግም» ብሎ በቁም ነገር ያስረዳኝ ሰው አለ። ትንሽ ነገር ናት፣ አውቃለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ሰምቶ ያልፋት ነበር። እኔ ግን ምሳ እየበላሁ ትዝ ትለኝና ጉርሻው እጄ ላይ ይቀራል።

መርካቶ ውስጥ፣ የውሃ ታንከርና የመስኮት ፍርግርግ ከተከመረበት ጀርባ፣ አንድ የብስክሌት ቴላዮ አየሁ። ራሌ ናት። ራሌን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ካቴናው የሚዞርበት ጥርስ ራሱ አንገተ ረጃጅም ወፎች ሆኖ የተቀረጸ ነው፤ ከመሪው ሥር ያለው ምልክትም ያችው ወፍ ናት። የኋላ ቸርኬዋን መሃል፣ ሞዞዋን፣ በጨርቅ ጠረግ ሳደርገው ስተርሚ አርቸር የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ባለ 3 ማርሽ፤ ከጎኑም 58 ተብሎ ተመትቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1958 ተሠራ ማለት ነው። እንግሊዞች ደግ ናቸው፤ የልደት ቀኑን ብረቱ ላይ ይጽፉታል።

«የጣሊያን ነው» አሉኝ ባለ ሱቁ።

«ጋሼ፣ ይቺ ወፍ እኮ የእንግሊዝ ፋብሪካ ምልክት ናት። ኖቲንግሃም የሚባል ከተማ…»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ወፏን አዩዋት። እኔንም አዩኝ።

«ወፏም የጣሊያን ናት» አሉ።

ጣሊያን ብስክሌት አላመጣም የሚል የለም። ኤድዋርዶ ቢያንኪ ሚላኖ ላይ የብስክሌት ሱቁን የከፈተው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው። አስመራን ያየ ሰው ደግሞ ክርክር ውስጥ አይገባም። የኛው ጣሊያን ግን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው የቆየው። ራሌዋ ስትሠራ ከወጣ 17 ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያች አምስት ዓመት ውስጥ ነጋዴዎቻችን የሚሉትን ያህል ብስክሌት አስገብቶ ከሆነማ፣ ጦርነቱን የተሸነፈው በአርበኞች ብቻ ሳይሆን በመንገድ መጨናነቅም ጭምር ነው።

ደግሞስ «የጣሊያን ነው» ሲባል ሙገሳ ነው ያለው ማነው? እዚህ ላይ ስለ ጥርስ ትንሽ መናገር አለብኝ። የቸኮለ ሰው ይህን አንቀጽ ዘሎ ቢያልፍ አልቀየምም፤ የሚያነበው ግን ይጠቀማል።

ፔዳሉን የሚያዞረው የመሃል ዘንግ ግራና ቀኝ በሁለት ባለ ጥርስ ክዳኖች ይያዛል። ጣሊያን ሁለቱንም ክዳኖች ቀኝ ጥርስ አደረጋቸው፤ ስፋታቸው 36 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ። እንግሊዝ ጠበብ አድርጎ፣ ያንኑ 24 ጥርስ ይዞ፣ የቀኙን ክዳን ግን ግራ ጥርስ አደረገው። ፈረንሳይ 35 ሚሊ ሜትር፣ ሁለቱም ቀኝ። ስዊዞች የፈረንሳይን ልክ ወስደው የእንግሊዝን አዟዟር ጨመሩበት፤ ገለልተኛ አገር ናቸው፣ ማንንም ማስቀየም አልፈለጉም። ራሌ ደግሞ እንግሊዝ ሆኖ ሳለ ከእንግሊዝ ጋር አልስማማም ብሎ 26 ጥርስ አወጣ። አሁን ዋናው ነገር መጣ። ዘንጉ ወደ ፊት ሲዞር በመሃል ያሉት ኩሽኔታዎች ክዳኑን በተቃራኒው ይገፉታል። በቀኝ በኩል ያለ ክዳን ጥርሱ ቀኝ ከሆነ፣ በነዳህ ቁጥር ቀስ እያለ ይፈታል። እንግሊዝ ይህን አይቶ ጥርሱን ገለበጠው። ጣሊያን አየውና «ጠበቅ አድርገህ እሰረው» ብሎ ተወው። ዛሬም ድረስ ያው ነው። እንግዲህ የመሃል ክዳን ይዞ «የጣሊያን ነው» የሚለኝ ነጋዴ፣ እየነዳሁት የሚፈታ ዕቃ ሊሸጥልኝ መሆኑን እየነገረኝ ነው።

ፔዳል ላይ እንኳ ዓለም ተስማምቷል፤ የግራው ግራ ጥርስ ነው። ይህንንም ቢሆን ሰፈር ውስጥ ያለ ጎረምሳ ሁሉ የሚማረው አንድ ፔዳል በጉልበቱ ካበላሸ በኋላ ነው።

እኛ የአሮጌ ብስክሌት በሽተኞች ጥቂት ነን። አንዳችን የሌላውን ግቢ ከባለቤቱ በላይ እናውቃለን። ዕቃ ልትለዋወጥ ስትሄድ ዋጋ ብሎ መጀመር ነውር ነው። ቡና ይጠጣል፣ ኑሮ ይታማል፣ የሞተ ይታዘንለታል። ከዚያ ዓይንህ ድንገት ያረፈበት ይመስል «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ትላለህ፤ የመጣህላት እሷ መሆኗን ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። «እሷማ አትሸጥም» ይልሃል። አንዱ ፓራፋንጎ አለው፣ ዲናሞ የለውም። ሌላው ዲናሞ አለው፣ ፓራፋንጎ የለውም። ተለዋወጡ ብትላቸው ሁለቱም «የኔ ይበልጣል» ይላሉ። ስለዚህ ሁለት ግማሽ ብስክሌቶች በሁለት ግቢ ቆመው ያረጃሉ። አንዱ ወዳጄ በስንት ልመና ያገኘውን የብሩክስ ኮርቻ ቆዳው እንዲለሰልስ ብሎ ለጋ ቅቤ ቀባው፤ አይጥ ሌሊቱን ተጋበዘችበት። ኮርቻው አሁንም አይሸጥም።

የእሽቅድምድም ቴላዮ የያዘማ ሰላምታውም ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ሲሆን፣ ገረመው ደንቦባን ጨምሮ አራት ብስክሌተኞች ነበሩን። አራት። «ሜልቦርን የሄደው ነው» ተብዬ በእጄ የዳሰስኩት ቴላዮ ግን ሚኒባስ አይችለውም።

ይህ ሁሉ ይሁን፤ ይሳቃል፣ ይታለፋል። የማይታለፈው ሌላ ነው። ቶርኖ ቤት የሚውል አንድ ባለሙያ አለ። የተሰበረ የጭነት መኪና ዘንግ ይቆርጣል፣ በካሊፐር ይለካል፣ ያረጀውን የራሌ ክዳን አንዴ ገልበጥ አድርጎ አይቶ ያንን ማንም የማይጠቀምበትን 26 ጥርስ ያወጣለታል። ካታሎግ የለው፣ ሥዕል የለው። የሠራው ልክ ይገባል። ይህን ሥራ ነጋዴው ይወስድና በተቃጠለ ዘይት አጥቦ አፈር ነስንሶ «የጣሊያን ነው» ብሎ በእጥፍ ይሸጠዋል። ባለሙያው ያውቃል፣ ዝም ይላል። ዝም የሚለው ፈሪ ስለሆነ አይደለም። «እኔ ነኝ የሠራሁት» ቢል እኛው፣ አፍቃሪ ነን ባዮቹ፣ «ፎርጂድ ነው እንዴ?» ብለን አስቀምጠነው እንሄዳለን። ወርሮን የሄደ ሰው ስም ሲለጠፍበት ዋጋው ይወጣል፤ የጎረቤታችን ስም ሲጻፍበት ይወርዳል! እነዚህን ብስክሌቶች ከስድሳ ዓመት በላይ ያቆማቸው ሚላኖም ኖቲንግሃምም አይደለም፤ የጎበጠ ቸርኬ በዓይኑ የሚያቃና፣ የበለዘ ዘንግ በሞረድ የሚያስተካክል፣ ስሙን የትም ያልጻፈ ሰው ነው። እሱ በቀን ሥራ ሒሳብ ይከፈለዋል፤ ለውሸቱ ግን በእጥፍ ይከፈላል። ይህ ያናድዳል፤ ስጽፈውም እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ይህ ሁሉ አፍቃሪ የሚሰግድለት የብስክሌት ዕቃ ሠሪው ካምፓኞሎም እኮ ሥራ የጀመረው ቪቼንዛ ውስጥ ከአባቱ የብረታ ብረት ሱቅ ጀርባ ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. በአንድ የተራራ ውድድር ላይ ጣቱ በብርድ ደንዝዞ የኋላ ጎማውን ዳዶ መፍታት አቃተውና በአንድ እጅ የሚፈታውን መቆለፊያ አሰበ ይባላል። ፋብሪካውን ያቋቋመው በ1933 ነው። ያኔ አንድ ደንበኛ ገብቶ «ይሄ የእንግሊዝ ካልሆነ አልወስድም» ቢለው ኖሮ ታሪኩ እዚያው ያልቅ ነበር። የጣሊያን ደንበኛ ግን የጣሊያን ነው፤ ገዛው።

ጋሼን ከዚያ በኋላ አግኝቻቸዋለሁ፤ ሻይ ጋብዘውኛል። ስለ ወፏ አልተነሳም። ቴላዮዋ ግን ቤት ገብታለች፤ በስንት እንደሆነ ባለቤቴ ይህን ልታነበው ስለምትችል አልናገርም። ክዳኑን ቶርኖ ቤት አሠራሁት፤ ማን እንደሠራው ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ፣ ፊታቸው ሲጠቁርም አያለሁ።

አሁን የጎደላት ጎማ ነው። ሰው ጎማ ቀላል ይመስለዋል። 26 ስጡኝ ብዬ ብጠይቅ በየሱቁ ሞልቷል፤ ግን 26 የሚባለው ቁጥር የሚለካው ጎማው ተነፍቶ በውጭ በኩል ስለነበረ፣ እንደ ጎማው ውፍረት ቸርኬው ይለያያል። ስለዚህ 26 አንድ አይደለም፤ 559 ሚሊ ሜትር አለ፣ 571 አለ፣ 584 አለ፣ 590 አለ፣ 597 አለ። ሁሉም 26 ናቸው፣ አንዱ በሌላው ላይ አይገባም። ለአንዱ ነጋዴ ይህን ሳስረዳው ታግሦ አዳመጠኝና «ጎማ እኮ ነው፣ ይለጠጣል» አለኝ።

የራሌዋ 590 ነው። እባካችሁ፣ ምድር ቤት ወይም ጣራ ሥር ያረጀ ጎማ ያላችሁ ሰዎች፣ ጎኑን ጠርጋችሁ ቁጥሩን እዩልኝ። 590 ከሆነ ለማንም አትስጡት። ባይሸጥም እንኳ መጥቼ ቡና እጠጣለሁ።