ሁለት ድንጋይ ይዞ ደጅ ጥናት

እኔ እምለው፣ ሴንሰርን ከማዕከል እንዘዝ የሚሉት እነዚህ ልጆች የባትሪ ድንጋይ በገንዘባቸው ገዝተው ያውቃሉ?

ያቺን ቴሎስ-ቢ የምትባል ሚጢጢ ሴንሰር እዩዋት። 10 ኪሎባይት ራም፣ ሁለት ድንጋይ፣ በቃ። ሬዲዮዋ በሙሉ አቅሙ ሲያወራ 17.4 ሚሊአምፔር ይበላል፤ ሲያዳምጥ 18.8። ማዳመጥ ከማውራት ይብሳል ማለት ነው! (ቤተሰቦቼ እኔ ሳወራ ለምን እንደሚዝሉ አሁን ገባኝ።) ጆሮዋን ከፍታ ከዋለች ካደረች ድንጋዮቹ ሳምንት አይደፍኑም። ስለዚህ እኛ ተኚ አልናት። ነቃ ትላለች፣ ሙቀት ትለካለች፣ ለጎረቤቷ ሹክ ብላ ትተኛለች። መንገዱንም ከጎረቤቶቿ ተመካክራ ራሷ ትመርጣለች፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው አርፒኤል የሚባል የመንገድ መምረጫ ደንብ ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ኔትወርክ ሁሉ ከማዕከል በሶፍትዌር ይታዘዝ ተባለ፤ ኤስዲኤን ይሉታል። ይኸው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2008 ኦፕንፍሎው ተብሎ ከስታንፎርድ ሲመጣ ክፉ አልተናገርኩም። የዚያ ስዊች ግድግዳ ላይ ተሰክቶ መብራት እንደ ልቡ ይጠጣል፤ ኮንትሮለር የሚሉትን ማዕከል ሲያማክር ቢውል ምን ገዶት? ይቺ ምስኪን ግን የማታውቀው ፓኬት በመጣ ቁጥር «ጌታዬ፣ ይህን ለማን ላቀብል?» ብላ ደጅ ትጥና? ማመልከቻው በሦስት በአራት ሴንሰር እጅ አልፎ ይደርሳል፣ መልሱም እንዲሁ እየተንከባለለ ይመለሳል። ጉዳዩ ምንድን ነው ቢባል «24 ዲግሪ»! ከደጃፉ አጠገብ ያለችውማ የሁሉን አቤቱታ ስትሸከም ቀድማ ትሞታለች። አንዱ መልእክት ቢበዛ 127 ባይት ነው፤ ትእዛዙ ሲጫንበት ለወሬው ምን ቦታ ይተርፋል?

ከሁሉ የሚያስቀኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ለእነዚሁ ሴንሰሮች የወጣውን ማይክሮ ኤስዲኤን ገለጥ ብታደርጉት ከሥሩ ያው አርፒኤል አለ። አዲሱ ጌታ ዘንድ የሚያደርሱት እነዚያው የድሮ ጎረቤቶች ናቸው!

ልጆቹ ግን፣ ከማዕከል ከታዘዙ ሥራ ሲቀየር እያንዳንዷን ከተሰቀለችበት አውርዶ ፕሮግራም መቀየር ይቀራል ይሉኛል። እሺ፣ ይህስ እውነት ነው፤ መሰላሉ አልናፈቀኝም። ልጆቹም ሰነፎች አይደሉም። ኤስዲኤን-ዋይዝ የሚባለው ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ሴንሰሯ ያለፈውን እያስታወሰች አንዳንዱን ራሷ እንድትወስን አደረገ። ማይክሮ ኤስዲኤን ደግሞ መንገዱን በሙሉ ፓኬቱ ላይ ጽፎ ይሸኛታል፣ ጥያቄዋንም ይገድባል። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ትጠይቅ ብለው ጀመሩ፣ አሁን ድካማቸው ሁሉ እንዳትጠይቅ ነው። ይህንን እኔ በነጻ እነግራቸው ነበር። የሚጠይቀኝ ጠፋ እንጂ።