ኬኩ እስኪያድግ

በአገራችን እንደ ኬክ የተማረ ጣፋጭ የለም። ከረሜላ ዕድሜውን ሙሉ ከረሜላ ሆኖ ይቀራል። ኬክ ግን ኢኮኖሚ ያውቃል፣ ፖለቲካ ያውቃል፣ ሴት ማግባባትም አይጠፋውም።

ያላመነ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ ይቁም። ፈረቃ ሲለቀቅ የልብስ ስፌት ሠራተኛዋ ባጃጅ ሳትይዝ «ኬክ ልጋብዝሽ?» ትባላለች። ግብዣው ከዱቄትና ከእንቁላል ጋር ዝምድና እንደሌለው እሷም፣ ጋባዡም፣ ባለባጃጁም ያውቃሉ። መልክ ካላት ደግሞ ራሷም «ኬክ» ናት። በኬኳ ምሳ ዕቃ ውስጥ ያለው ግን የሽሮ ቅሪት ነው።

ይሄ የመንገዱ ኬክ ነው። ዋናው ያለው አዳራሽ ውስጥ ነው። አንዱ ደፋር ተነስቶ ስለ ደመወዝ ሲጠይቅ፣ መድረክ ላይ ያሉት ሰውዬ ከታሸገው ውሃ ጎንጨት ይሉና «መጀመሪያ ኬኩ ይደግ፤ ከዚያ እንካፈላለን» ይላሉ። ምን ያለ ጥበብ ነው! እኛ መሃይሞቹ ኬክ ከምድጃ ከወጣ ወዲያ የማያድግ ይመስለን ነበር። ይሄኛው ያድጋል፤ የሚያድገው ግን ሠራተኛ ካልነካው ብቻ ነው። ባለሀብቱ ሲገምጠው «ማበረታቻ» ይባላል፦ የግብር እፎይታ፣ ከቀረጥ ነፃ ዕቃ። እሷ እጇን ስትዘረጋ «ተወዳዳሪነታችንን ይጎዳል» ይባላል።

በተወዳዳሪነቱስ አንታማም። የአዳማው ፓርክ በተመረቀበት በ2011 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ሀዋሳ ፓርክ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የልብስ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ የባንግላዴሽ 95። በርካሽነት ዓለምን ቀደምን፣ ሜዳሊያ ብቻ ቀረን።

ከዚያ በ2014 አሜሪካ ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ ከምንገባበት ከአጎዋ ስታስወጣን ኬኩ አነሰ። የሚገርመው፣ ማደጉን ስትጠብቅ የኖረችው ሠራተኛ ማነሱ ሲመጣ ወረፋ አልጠበቀችም። ሀዋሳ ላይ ቅነሳው በቀጥታ እሷ ጋ ደረሰ።

ደግነቱ እውነተኛው ኬክም አንዳንዴ ይመጣል። ለምሳሌ የካቲት 29፣ የሴቶች ቀን። ፊቱ ላይ በክሬም የፋብሪካ ዓርማ ተስሎበታል። የክብር እንግዳውና ሥራ አስኪያጁ ሪባን የታሰረበትን አንድ ቢላዋ ተጋግዘው ይይዛሉ፤ ካሜራው እስኪያነሳ ይቆያሉ፤ ሴቶቹ ያጨበጭባሉ። ቁራሹ ከኋለኛው ወንበር ሲደርስ ግማሹ ክሬም ሶፍቱ ላይ ተለጥፏል። ቢሆንም ተካፍለናል! ከእንግዲህ ደመወዝ አነሰ የሚል ካለ ውለታ ቢስ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ለግሉ ዘርፍ ግን የደመወዝ ወለል ዛሬም የለም። ክቡራን ሆይ፣ ቢላዋው እጃችሁ ላይ ሳለ ኬኩን ለጊዜው ተዉትና ለሠራተኛዋ ደመወዝ ቁረጡላት። ከደመወዟ መቁረጡንማ፣ ያረፈደች ቀን፣ ታውቁበታላችሁ።