ቁጥር የማይወድ ቫዮሊን

ኖታን በማውስ እየጎተትን ከምንለጥፍ በኪቦርድ እንጻፈው፣ ሥዕሉን ፕሮግራሙ ይጨነቅበት ብለን ወደ ሊሊፖንድ የገባን ሁሉ የምንሰማው ምክር አንድ ነው፤ «ዜማህን በቫሪያብል ከፋፍል»። ምክሩስ ባልከፋ። ሶፕራኖውን፣ አልቶውን፣ ግጥሙን ለየብቻ ስም ሰጥተህ ከላይ ታስቀምጣለህ፤ ከታች በስማቸው ትጠራቸዋለህ። ያው ሶፕራኖ ለሙሉው ኖታም፣ ለዘማሪዋ የብቻ ገጽም፣ ለሚዲውም ያገለግላል። አንድ ቦታ ስታርም ሁሉም ይታረማል። እሰየው!

እስቲ ግን ቫሪያብሉን ቫዮሊን በለውና 1 ቁጥር አስከትልበት። አይቀበልም። በሊሊፖንድ ከኖታ ቀጥሎ የሚመጣ ቁጥር የድምፅ ርዝመት ነውና በስም ውስጥ ቦታ የለውም። ኦርኬስትራ ደግሞ ያለ ቁጥር አይሆንም። ስለዚህ አንዱ የእንግሊዝኛውን «ዋን» ቀጥሎ «ቫዮሊንዋን» ይላል፣ ሌላው የሮማውን አንድ ይለጥፋል፣ ሌላው «ኤ» እና «ቢ» ያደርጋቸዋል፤ ከሰው በተረከብነው ፋይል ውስጥ ሦስቱም ተደባልቀው ይጠብቁናል። በትምህርተ ጥቅስ ከከበቡት ያልፋል፤ በጠሩት ቁጥር ግን ጥቅሱን መድገም ግድ ነው። የሚያስቀው፣ ስሙን በፊደላችን ጽፈው «፩» ቢጨምሩበት ዝም ብሎ ይቀበላል። ለእሱ የግእዝ ቁጥር ቁጥር አይደለማ!

ይሄስ የስም ጣጣ ነው፤ ይቻላል። የሚያንገበግበው ሌላ ነው። ሊሊፖንድ ርዝመት ያልተጻፈለትን ኖታ ቀድሞ ከተጻፈው ኖታ ርዝመት ያወርሰዋል። ቀድሞ ማለት ደግሞ በዜማው ሳይሆን በፋይሉ ውስጥ ነው። አልቶው ያለ ርዝመት ከጀመረ፣ ከበላዩ ያለው የሶፕራኖ መጨረሻ ሙሉ ኖታ ከሆነ እሱም ሙሉ ኖታ ሆኖ ይጀምራል። ፋይሉን ላሳምር ብለህ ቴነሩን በሁለቱ መካከል ብታስገባው፣ ከአልቶው አንዲት ኖታ ሳትነካ ባሩ ሁሉ ሊፋለስ ይችላል። ከዚያ ስህተቱን አልቶው ውስጥ ስትፈልግ ታመሻለህ፤ እዚያ ግን ምንም የለም።

ኦክታቩም ከዚህ አይተናነስም። «ሬላቲቭ» የሚለውን፣ የእያንዳንዱን ኖታ ኦክታቭ ካለፈው ኖታ ተነሥቶ የሚቆጥረውን ትእዛዝ ከቫሪያብሉ ውጭ ያደረገ ሰው አዝማቹን ሁለት ጊዜ ሲጠራው፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው መጨረሻ ተነሥቶ ይቆጥርና አንድ ኦክታቭ ዘሎ ቁጭ ሊል ይችላል። ዘማሪዎቹም ቀና ብለው ያዩሃል።

ስለ ስም አወጣጣችን ባላነሣ ይሻል ነበር። «አዲስ»፣ «አዲሱአዲስ»፣ «የመጨረሻ»፣ «እውነተኛመጨረሻ»፤ ጉድ እኮ ነው! የትኛው ቴነር፣ የትኛው ቤዝ እንደሆነ የጻፈው ሰው ራሱ ከወር በኋላ አያውቀውም። ፕሮግራሙ እዚህ ላይ ምን በደለ?

እባካችሁ፣ ፋይል የምታቀብሉን ወገኖች፦ በየቫሪያብሉ የመጀመሪያ ኖታ ላይ ርዝመቱን ጻፉ፣ ሬላቲቩን ወደ ውስጥ አስገቡ፣ ቴነሩንም ቴነር በሉት።