ነጂው አንድ፣ መካሪው መንደሩ

በእኛ መንደር በሳይክል ሥራ የሚሄድ አንድ ልጅ አለ። ሳይክል እንዴት እንደሚነዳ የሚያስተምረው ግን መንደሩ በሙሉ ነው። ከጎሚስታው እስከ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ ከእድሩ ዳኛ እስከ ሱቁ በረንዳ ጡረተኞች ድረስ፣ ልጁ ጠዋት ከግቢው ብቅ ሲል ሁሉም ጉሮሮውን ይጠርጋል። ምክር ሳይሰማ መንደሩን ለቅቆ የወጣበት ቀን ቢኖር ዓመት በዓል ነው፤ እሱም ግማሹ መካሪ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሆን ነው።

ልጁ መሐንዲስ ነው፤ ደመወዙም ደህና ነው። (ከየት አወቅሽ አትበሉኝ፣ ጎረቤት ነኝ።) ሳይክሉን የገዛ ሰሞን ታዲያ መንደሩ እንደ ሐዘንተኛ ነበር የያዘው። «ምነው ልጄ፣ ከሥራ ቀነሱህ እንዴ?» «ያልፋል፣ ዋናው ጤና ነው።» ልጁ ምስኪን የታክሲ ሰልፉን፣ የነዳጁን ዋጋ፣ ቁጭ ብሎ መዋሉ በወገቡ ላይ ያመጣበትን ጣጣ አንድ በአንድ ያስረዳል። ሰዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙታል፤ ዘወር ሲል ደግሞ «ብድር አለበት» ይባባላሉ። አንድ ጠዋት መገናኛ አካባቢ መንገዱ ተዘግቶ፣ አንድ የመንደራችን ጋሼ ከነላንድ ክሩዘራቸው ከተገተሩ ቆይተዋል። እኔም እዚያው ታክሲ ውስጥ ተገትሬያለሁ። ልጁ በጎናችን ሽው ብሎ አለፈ። ጋሼ መስኮታቸውን ዝቅ አደረጉና ከልባቸው «አይዞህ!» አሉት።

ቢሮው ካለበት ሕንፃ ጥበቃ ጋር የገጠመው ደግሞ ለብቻው ነው። የመጀመሪያ ቀን ሳይክሉን እየገፋ ወደ ምድር ቤቱ ፓርኪንግ ሊገባ ሲል ጥበቃው አስቆመው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ካርኒ መቁረጥ አለበት፤ ካርኒው ደግሞ ታርጋ ይጠይቃል።

«ታርጋ?»

«ሳይክል እኮ ነው ወንድሜ፣ ታርጋ የለውም።»

«ታርጋ የሌለው ተሽከርካሪ አይገባም።»

«እሺ፣ ውጭ አጥሩ ላይ ልሰረው?»

«እዚህ ተሽከርካሪ ማቆም ክልክል ነው።»

በመጨረሻ የፅዳት ሠራተኞቹ ኃላፊ ገላገለቻቸው። ሳይክሉ «ዕቃ» ተብሎ ተመዘገበና ከመጥረጊያና ከባልዲ ጋር ማከማቻ ክፍል ገባ። ዛሬ ጥበቃውና ልጁ ወዳጅ ናቸው። «እንዴት አደርክ ኢንጂነር፣ ዕቃው ደህና ነው?» ይለዋል በየጠዋቱ።

መንገድ የለም እንዳንል ደግሞ መንገድ አለ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ በደረሰበት፣ በፒያሳና አራት ኪሎ በሉት በቦሌና መገናኛ፣ ለብስክሌት ተብሎ የተለየ መስመር ተሠርቷል። አስፋልቱ ላይ የሳይክል ሥዕል እንኳ ተሥሎበታል። ሥዕሉን ያላየ የለም፤ እኔን አይመለከተኝም ያለ ብስክሌተኛም የለም፤ ብቻ ከብስክሌተኛው ቀድመን የደረስን እኛ ነን። ንጋት ላይ ሯጩ አለበት። ረፋዱ ላይ የሕፃን ጋሪ የሚገፉ እናቶች። ቅዳሜ ሙሽሮች ቬሏቸውን ዘርግተው ቪዲዮ ይቀረፁበታል። ባለ መኪናው ደግሞ «አንድ ደቂቃ ነው» ብሎ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ ይቆምበታል። ያቺ ብልጭ ድርግም የምትል መብራት በከተማችን የማታስተሰርየው ኃጢአት የለም።

እኔም ብሆን ዘንቢሌን ይዤ ከገበያ ስመለስ በዚያው ነው የምመጣው። ለስላሳ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ሰው አይጋፋበትም። አንድ ቀን ታዲያ ከኋላዬ ደወል ቂሊሊሊ አለ። ዞር ብዬ «ሰው አታይም እንዴ?» አልኩ። የእኛው ልጅ ነው። «ይቅርታ እትዬ» አለና ወርዶ ሳይክሉን እየገፋ በእግረኛው መንገድ በኩል ዞረኝ። እግረኛዋ በብስክሌት መንገድ፣ ብስክሌተኛው በእግረኛ መንገድ ሆነን፣ ለእናቱ ሰላምታ ልኬ በፍቅር ተለያየን።

ወደ ምክሩ ልመለስ። ከሁሉም የሚበዛው «ግራህን ያዝ!» የሚለው ነው። ይሄ ለእግረኛ የተነገረ ነው፤ የእግረኛ መንገድ በሌለበት ቦታ የሚመጣብህን መኪና ፊት ለፊት እያየህ ሂድ ለማለት። ሳይክል ግን ተሽከርካሪ ነው፤ ቀኙን ይዞ ከመኪናው ጋር በአንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። በተቃራኒው ቢመጣ የእሱም የመኪናውም ፍጥነት ተደምሮ ነው የሚገናኙት። ከውስጥ ለውስጥ መንገድ ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሾፌር ደግሞ ዓይኑ መኪና በሚመጣበት በግራው በኩል ነው፤ በቀኝ በኩል ሳይክል ይመጣብኛል ብሎ አንገቱን አያዞርም። ልጁ ይህን ሁሉ በረንዳው ላይ ለተቀመጡት ጡረተኞች፣ የቆርኪ መኪናና የክብሪት ሳይክል ደርድሮ አስረዳ። በጥሞና ሰሙት። አንደኛው ክብሪቱን አንስተው ሲጋራቸውን ለኮሱና «በደንብ ገብቶኛል። አንተ ግን ለማንኛውም ግራህን ያዝ» አሉት።

ሁለተኛው ትልቅ ትምህርት የፊት ፍሬን ነው። «እንዳትነካው፣ ይገለብጥሃል!» ሁላችንም በልጅነታችን አንድ የተገለበጠ ልጅ እናውቃለን፤ ካላወቅን ደግሞ የሚያውቅ እናውቃለን። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሳይክል ሊቆም ሲል ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል የማቆሙ ጉልበት የሚበዛው የፊቱ ፍሬን ላይ ነው። የሚገለብጠው እሱን ብቻ በድንጋጤ ጭብጥ ያደረጉት ጊዜ ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ፣ ለስለስ አድርጎ፣ ሰውነትንም ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ቢይዙት ምንም አይል። ልጁ ይህን ለጎሚስታው ሳያስረዳ ነው መሰለኝ ካቴናውን አጥብቅልኝ ብሎ ሳይክሉን ትቶለት የሄደው። ማታ ሊወስድ ሲመጣ ካቴናው ጠብቋል፣ ጎማው ተነፍቷል፣ የፊቱ ፍሬን የለም። «አደጋ ነው ብዬ አነሳሁልህ» አለው ጎሚስታው። የፈታበትንም አስከፈለው።

ስለ ሄልሜት ብዙ አልልም። ልጁ በሥርዓቱ ነው የሚያደርገው፤ ከቅንድቡ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ማሰሪያው አገጩ ሥር ጠበቅ ብሎ። ታናሽ ወንድሙ ተውሶት ሲወጣ ግን ማጅራቱ ላይ አንጠልጥሎት ነው። ለምን ቢሉት ፀጉሩ እንዳይበላሽ። እውነቱን ነው፤ ለፀጉሩ ፀጉር ቤት ከፍሏል፣ ግንባሩን በነፃ ነው ያገኘው።

ሚኒባሱን ሳላነሳ ባልፍ ግን ይቅርታ የለኝም። የሚኒባስ በር የሚከፈተው በቀኝ ነው፤ ሳይክል የሚያልፈውም በቀኝ ነው። «ወራጅ አለ!» የምትለዋ ቃል ከአፋችን ሳትወጣ አንድ እግራችን መሬት ላይ ነው፤ ከኋላ ማን እየመጣ እንደሆነ ማየት የታክሲ ተሳፋሪ ደንብ አይደለም። በቀደም አንዲት ሴትዮ እንዲህ ስትወርድ ልጁ ለጥቂት ስቷት ፍሬን ይዞ ቆመ። (የፊቱን ፍሬን አስገጥሞታል፣ እግዜር ይስጠው።) ታክሲው ሙሉ ሰው በአንድ ድምፅ ልጁን ተቆጣው። ረዳቱማ ታክሲው መንቀሳቀስ ጀምሮ በሩ ሳይዘጋ፣ በአንድ እጁ ብቻ ተንጠልጥሎ፣ ግማሽ አካሉ አየር ላይ ሆኖ ጮኸበት፦ «ፍሬንድ፣ ሕይወትህን አትወዳትም እንዴ?»

የበረንዳው ጡረተኞች ምክራቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሳይክል ዘመን ያዩ ሰዎች ናቸው። ሁሉም በልጅነታቸው በሳንቲም ተከራይተው፣ ከቁመታቸው በሚበልጥ ሳይክል፣ እግራቸውን በብረቱ ሥር አሾልከው ነድተዋል። የገረመው ደንቦባ ስም ሲነሳ ወገባቸው ይቃናል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተሳተፈችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት፤ ገረመው አንዱ ነው። እንደ ጡረተኞቹ ጨዋታ ከሆነ ጃንሜዳ ላይ ገረመውን ያልቀደመ የእኛ መንደር ሰው የለም። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆንማ በረንዳው ላይ የነበረው ኩራት፣ ያሠለጠኑት እነሱ ይመስል ነበር።

«ታዲያ ዛሬ ለምን አትነዱም?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ዳገት ነው። ከተማው ራሱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ እንጦጦ ላይ ሲወጣ ደግሞ ከ3,000 በላይ፣ ትንፋሽ ከየት ይመጣል? «ባሕር ዳር ብሆን፣ ሐዋሳ ብሆን ነበር እንጂ!» ይላል ሁሉም። እውነት ነው፣ እዚያ ከተሜው በሳይክል ገበያውን፣ ሥራውን፣ ዘመድ ጥየቃውን ይጨርሳል። አንዱ ጎረቤታችን እንዲያውም ቀንቶት ወደ ሐዋሳ ተዛወረ። ባለፈው ደወልኩለትና «ሳይክሉን ገዛህ ወይ?» አልኩት። «ኧረ ሙቀቱ!» አለኝ።

የልጁ እህት አንድ ቀን ሳይክሉን ይዛ ስትወጣ ደግሞ መንደሩ የሚለው ጠፋው። «ሴት ልጅ?» ይባልና ይሳላል። ለምን እንደማይሆን የሚያውቁ ብዙ ነበሩ፣ ምክንያቱን ጮክ ብሎ የሚናገር ግን አልተገኘም። በዚህ መሐል ከሁሉም ትልቋ እማማ ልጅቷን ጠጋ አሏት። ቁጣ መጣ ብለን ጆሯችንን ቀሰርን። እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይቺ የኋላዋ ብረት ሰው ትችላለች?» አሏት።

«መንገድ ለሰው» የተባለው፣ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ለእኛ ሳይሆን አልቀረም የተፈጠረው። በወሩ የመጨረሻ እሑድ መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ለእግርና ለሳይክል ሲከፈት እንዴት እንደምንወደው! ለመውደዳችን ምልክቱ፣ ከየሰፈራችን በመኪና ተነስተን የመንገዱ መዝጊያ አጠገብ እስክንደርስ የምንፈጥረው መጨናነቅ ነው። አባት ከመኪናው ኋላ የልጁን ሳይክል ያወርዳል፣ ልጅ ይነዳል፣ አባት ስልኩን ደቅኖ ከኋላ ይሮጣል። ከዚያ ማኪያቶ። ከዚያ «ያለ መኪና እንዴት ደስ ይላል» የሚለውን ፎቶ፣ ወደ ቤት ሲመለስ መብራት ላይ ቆሞ ይለጥፈዋል።

ይህ ሁሉ ፍቅር ፍሬ እንዲያፈራ እድራችን «የብስክሌት ቅስቀሳና የደህንነት ትምህርት ኮሚቴ» አቋቁሟል። ሰብሳቢ አለ፣ ምክትል አለ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ኦዲተር፤ ፀሐፊዋ እኔ ነኝ። ሳይክል ያለው አባል ስላልነበረ ልጁም ተጠራ። አርፍዶ መጣ። የዘገየበትን ምክንያት ሲጠየቅ፣ የሳይክል መስመሩ ላይ መኪና ተደርድሮ ዞሮ እንደመጣ ተናገረ። ኮሚቴው «ሥርዓት የለም በዚህ አገር» ብሎ አዘነ። የመኪናዎቹ ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ።

ልጁ ሦስት ነገር ጠየቀ። እድር ቤቱ በር ላይ ሳይክል የሚታሰርበት ብረት ይተከል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በኖራ መስመር ተሠምሮ ሕፃናት ፍሬን አያያዝና ከመታጠፍ በፊት ኋላን ማየት ይማሩ፤ ማታ የሚነዱት ከፊት ነጭ ከኋላ ቀይ መብራት እንዲገጥሙ ይረዱ። ሰብሳቢው «እጅግ ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉና በይደር ተያዘ። ከዚያ ወደ ዋናው አጀንዳ፣ ልናዘጋጅ ወዳሰብነው የብስክሌት በዓል ቲሸርት ቀለም ገባን፤ እስኪመሽ አልወጣንም። ለየቤቱ የጥሪ ደብዳቤ የሚያደርስ ፈጣን ሰው ሲፈለግም ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ዞረ፤ የደብዳቤ ሥራው ለልጁ ተሰጠ።

በመጨረሻ የበዓሉ በጀት ተነበበ። ድንኳን፣ ወንበር፣ ሞንታርቦ፣ ውሃ፣ ቲሸርት፣ ነዳጅ።

«ነዳጅ ለምን?» አለ ልጁ።

«ሞንታርቦውን የጫነው ፒክአፕ ከፊት ይመራችኋላ» አሉ ሰብሳቢው። «እኛ ደግሞ በየመኪናችን ከኋላ እንከተላችኋለን። ለደህንነታችሁ!»

ድምፅ ተሰጠ። ከልጁ በቀር እጁን ያላወጣ አልነበረም። ቃለ ጉባኤውን «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብዬ ዘጋሁት፤ መሽቷል፣ ደግሞም ከሚከተሉት መኪናዎች በአንዱ ጋቢናዋ ለእኔ ተይዛለች።